የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወትና ሥራ

በዓለም ላይ ስማቸው በየቀኑ እየተጠራ፥ ሰው እንደ ነበሩ ግን የተረሱ ጥቂት ሊቃውንት አሉ። ከነዚህም አንዱ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። ዲዝል በተባለ ጊዜ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ከባዱ የጭነት መኪና፥ ባቡሩ፥ መርከቡ፥ ወይም በእህል ወፍጮ ቤት የሚያጓራው ሞተር ነው እንጂ፥ ያን ሞተር ያሰበው፥ የደከመበት፥ በመጨረሻም የድካሙን ዋጋ በደስታ ሳይበላ ያለፈው ሰው አይደለም። በኢትዮጵያማ የሞተሩ ነዳጅ ናፍጣ ስለሚባል የሰውዬው ስም ከነዳጁ ላይ እንኳ አይሰማም። ይሁን እንጂ የዚህ ሰው ታሪክ ለአስተማሪ ሁሉ የተለየ ትርጉም አለው፤ ሥራው የተፀነሰው በፋብሪካ ሳይሆን በትምህርት ክፍል፥ በአንድ ተማሪ የደብተር ኅዳግ ላይ ነውና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቴዎዶር ዲዝል የአውግስቡርግ ተወላጅ የሆነ ጀርመናዊ መጽሐፍ ጠራዥ ነበረ፤ እናቱ ኤሊዘ ደግሞ የኑርንበርግ ልጅ ነበረች። የቤቱ ኑሮ ጠባብ ስለ ነበረ ልጆቹም የአባታቸውን ሥራ ያግዙ ነበር። ሩዶልፍ ግን ጊዜ ባገኘ ቍጥር ወደ ፓሪሱ የጥበባትና የእጅ ሥራ ሙዚየም እየሄደ በዚያ የተቀመጡትን አሮጌ መሣሪያዎች እየተመለከተ በወረቀት ላይ ይነድፋቸው ነበር። ከነዚህም መካከል ኩኞ የተባለው ፈረንሳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት የሠራው በእንፋሎት የሚሄድ ሠረገላ ይገኝበት ነበር።

በ1870 ዓ.ም. በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጀርመናውያን ፓሪስን እንዲለቁ ስለ ታዘዘ፥ የዲዝል ቤተ ሰብ ቤቱንና ሥራውን ትቶ ወደ ሎንዶን ተሰደደ። በሎንዶንም ኑሮው ከቀድሞው የባሰ ሆነ። ስለዚህ ወላጆቹ የ12 ዓመቱን ሩዶልፍ ብቻውን ወደ አባቱ አገር ወደ አውግስቡርግ፥ ወደ ዘመዶቹ ቤት ላኩት። የተቀበሉት የዘመዱ ባል ክሪስቶፍ ባርኒከል የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ልጁም ከእናት ከአባቱ ተለይቶ በአንድ አስተማሪ ቤት ማደጉ የሕይወቱን መንገድ ወሰነ። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቍረጡን ለወላጆቹ በደብዳቤ አስታወቃቸው።

በአውግስቡርግ ተማሪ ቤት ለፊዚክስ ትምህርት ማሳያ ከሚሆኑት መሣሪያዎች አንዱ የአየር እሳት መጫሪያ እንደ ነበረ ይነገራል። ይህ መሣሪያ በአንድ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን የመስተዋት ቱቦና በውስጡ የሚገባ ዘንግ ነው። ከቱቦው ግርጌ ትንሽ የሚቀጣጠል ነገር ተደርጎ ዘንጉ ባንድ ጊዜ በኃይል ሲገፋ፥ ውስጡ ያለው አየር ይታመቅና ይግላል፤ በግለቱም ያ ነገር ክብሪት ሳይነካው በእሳት ይያያዛል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው ሁሉ የፖምፓው ጫፍ ሲግል ዳስሶ ያውቀዋል፤ ነገሩ አንድ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን አይተው አለፉ። ዲዝል ግን አየር ሲታመቅ እሳት ሊያስነሣ መቻሉን አልረሳም።

ተማሪ ቤቱን ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ ከጨረሰ በኋላ፥ ወላጆቹ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ፈልገው ነበር። እርሱ ግን በ1875 ዓ.ም. በማዕርጉ ብልጫ የተሰጠውን የትምህርት ርዳታ ተቀብሎ በሙኒክ ወደሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ከሚያስተምሩት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ ነበሩ። እኚህ ሰው በማቀዝቀዣ መኪና ሥራቸው በዓለም የታወቁ፥ ዕውቀትን ከሥራ ጋር ያጣመሩ መምህር ነበሩ።

በ1878 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሊንደ ስለ ሙቀትና ስለ ሥራ በሚሰጡት ትምህርት ላይ፥ በዚያ ዘመን የፋብሪካ ሁሉ ንጉሥ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከሚበላው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ ከ6 እስከ 10 እጅ ብቻ እንደ ሆነ፥ የቀረው ከ90 የሚበልጠው እጅ ግን በጭስ ማውጫውና በእንፋሎቱ በከንቱ እንደሚጠፋ አስረዱ። ይህ አነጋገር በሌሎቹ ተማሪዎች ጆሮ እንደ ማናቸውም ቍጥር አልፎ ሄደ። የ20 ዓመቱ ዲዝል ግን፥ ሙቀት ከዚህ በተሻለ መንገድ ሥራ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ መመርመር እንደሚገባው በደብተሩ ኅዳግ ላይ ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሐሳብ ለ14 ዓመት ከልቡ አልወጣም።

በ1879 ዓ.ም. በአንጀት ተስቦ ስለ ታመመ ከጓደኞቹ ጋር ለመፈተን አልቻለም። የፈተናውን ጊዜ እየጠበቀ በስዊስ አገር በቪንተርቱር ከተማ በዙልጸር ፋብሪካ የእጅ ሥራ ተለማመደ፤ በጃንዋሪ 1880 ዓ.ም. ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕርግ ወጣ። መምህሩ ሊንደም በፓሪስ በሚሠራው የበረዶ ፋብሪካቸው ሥራ ሰጡት፤ ጥቂት ቆይቶም የፋብሪካው ኀላፊ ሆነ። በ1883 ዓ.ም. ማርታ ፍላሸ የተባለች ጀርመናዊት አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ።

በፓሪስ ቀን በቀን የበረዶውን ሥራ እየሠራ፥ በተረፈው ጊዜ ሁሉ የሞተሩን ነገር ይመራመር ነበር። መጀመሪያ በውሃ እንፋሎት ፈንታ በአሞንያክ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለማውጣት ብዙ ዓመታት ደከመ። ይህ ድካም ለገበያ የሚሆን ሞተር አላስገኘለትም፤ ነገር ግን ስለ ከፍተኛ ግፊትና ስለ ሙቀት ከማናቸውም መጽሐፍ ያላገኘውን ዕውቀት ሰጠው። ቀስ በቀስም አሞንያኩን ትቶ፥ አየርን ራሱን በኃይል አምቆ ማጋልና በጋለው አየር ውስጥ ነዳጅ ማቃጠል ወደሚለው ሐሳብ ደረሰ። በ1890 ዓ.ም. ከነቤተ ሰቡ ወደ በርሊን ሄደ።

የዲዝል ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከእርሱ በፊት ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ዓ.ም. የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር፥ ነዳጅና አየር አስቀድሞ ተደባልቆ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገባና ከውጭ በሚመጣ እሳት እንዲቀጣጠል የሚያደርግ ነው፤ የዛሬው የቤንዚን ሞተር ካንዴላ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ ከልክ በላይ ከታመቀ ጊዜው ሳይደርስ ስለሚፈነዳ ብዙ ለማመቅ አይቻልም። ዲዝል ግን በመጀመሪያው ምት ፒስተኑ ንጹሕ አየር ብቻ እንዲስብ አደረገ። በሁለተኛው ምት አየሩ በብርቱ ይታመቅና ከነዳጁ መቀጣጠያ ልክ በላይ ይግላል። በዚያች ቅጽበት ነዳጁ በጥቃቅን ነጠብጣብ ሲረጭበት ያለ ካንዴላና ያለ ክብሪት ራሱ በራሱ ይነዳል፤ በመንደዱም ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ይህ ሦስተኛው፥ የሥራው ምት ነው። በአራተኛው ምት የተቃጠለው ጋዝ ይወጣል። አየሩ አብዝቶ በታመቀ መጠን ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው እጅም ይበዛል።

ይህን ሐሳቡን በፌብሩዋሪ 1892 ዓ.ም. ለጀርመን መንግሥት አቅርቦ በሚከተለው ዓመት የፈጠራ መብት ተሰጠው። በዚያው በ1893 ዓ.ም. ንድፈ ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን ካነበቡት ሊቃውንት አንዳንዶቹ አደነቁት፤ ብዙዎቹ ግን ሊሠራ የማይችል የወረቀት ሞተር ነው ብለው ነቀፉት። ነቃፊዎቹም ጨርሰው አልተሳሳቱም ነበር። ዲዝል አየሩን እስከ 250 አትሞስፌር ለማመቅ አስቦ ነበርና፤ ይህን ግፊት የሚችል ሞተር በዚያን ጊዜ ለመሥራት አይቻልም፤ ቢቻልም ሞተሩ ያገኘውን ኃይል ሁሉ ለራሱ ማመቂያ ይጨርሰው ነበር። ዲዝል ይህን በተረዳ ጊዜ በመጽሐፉ ላይ ችክ ብሎ አልቀረም። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ፥ ሒሳቡን እንደ ገና አስቦ፥ ከመጀመሪያው ንድፍ የተለየ ነገር ግን ሊሠራ የሚችል ሞተር ፈለገ።

ሐሳብ ያለ ፋብሪካና ያለ ገንዘብ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። የአውግስቡርግ መኪና ፋብሪካ ዲሬክቶር ሃይንሪኽ ቡጽ በመጀመሪያ ካመነቱ በኋላ የሙከራውን ሥራ ተቀበሉ። የክሩፕ ኩባንያም ገብቶበት ለዲዝል በዓመት 30,000 ማርክ ለመክፈል ተዋዋለ። ዲዝልም በልጅነቱ በተማረበት ከተማ በ35 ዓመቱ ሙከራውን ጀመረ።

ኦገስት 10 ቀን 1893 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሞተር በፋብሪካው ቀበቶ እየተሽከረከረ ነዳጅ ሲገባበት፥ በሲሊንደሩ ውስጥ የተነሣው ፍንዳታ እስከ 80 አትሞስፌር ደርሶ የግፊት መለኪያው መሣሪያ ተሰባብሮ ተበተነ። በአጠገቡ የነበሩት ሰዎች ለጥቂት ከሞት ተረፉ። ሞተሩ በዚያ ቀን አንዲት ዙር እንኳ በራሱ ኃይል አልዞረም። ዲዝል ግን ዋናውን ነገር አየ፤ ነዳጁ በታመቀው አየር ግለት ብቻ ተቀጣጥሏል። ሞተሩ እንደ ገና ተሠርቶ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ዓ.ም. ለአንድ ደቂቃ ያህል፥ በደቂቃ 88 ጊዜ በራሱ ኃይል ዞረ። በዚያች ሰዓት ቀበቶው ሞተሩን መጎተቱን ትቶ ሞተሩ ቀበቶውን መሳብ እንደ ጀመረ አስቀድሞ ያስተዋለው ሠራተኛ፥ ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን አውልቆ እጅ እንደ ነሣ ይነገራል።

ከዚያች አንድ ደቂቃ በኋላ የቀረው ሥራ ሦስት ዓመት ፈጀ። ከሁሉ ያስቸገረው ነዳጁን በዚያ ከፍተኛ ግፊት ውስጥ በትክክለኛው ቅጽበት ማስገባትና በደንብ መርጨት ነበር። በመጨረሻ ነዳጁ ይበልጥ በታመቀ አየር እየተነፋ እንዲገባ ተደረገ፤ ለዚህም ሞተሩ ልዩ ኮምፕሬሶር ያስፈልገው ነበር። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ዓ.ም. የሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪጽ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መረመሩት። 3 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ አንድ ሲሊንደርና 20 ያህል የፈረስ ኃይል የነበረው ይህ ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26.2 እጁን ወደ ሥራ ለወጠ። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል የሠራ ሌላ ሞተር አልነበረም። በዚያ ዓመት በጁን ወር ዲዝልና ሽሮተር በካሰል ከተማ በጀርመን መሐንዲሶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ውጤቱን አስታወቁ። ከ19 ዓመት በፊት በደብተር ኅዳግ የተጻፈው ጥያቄ መልስ አገኘ።

ከዚህ በኋላ ሀብትና ክብር ባንድ ጊዜ መጡ፤ መከራም ተከትሎአቸው መጣ። አዶልፉስ ቡሽ የተባሉት የአሜሪካ ባለ ቢራ ፋብሪካ ለአሜሪካ የሚሆነውን መብት በ1,000,000 ማርክ ገዙ፤ የሌሎች አገሮች ኩባንያዎችም ተከተሉ። ነገር ግን በአውግስቡርግ በሊቃውንት እጅ የሚሠራው ሞተር፥ ልምድ በሌላቸው ፋብሪካዎች ተሠርቶ ሲሸጥ ይሰበርና ይቆም ጀመር። የመርጫው ቀዳዳ ይደፈናል፥ ቫልቩ ይቃጠላል፥ ኮምፕሬሶሩ ይበላሻል። ገዢዎች ሞተሩን መለሱ። በሌላም በኩል ሐሳቡ የራሱ አይደለም የሚሉ ከሳሾች ተነሡበት። በእንግሊዝ አገር ኸርበርት አክሮይድ ስቱዋርት በ1890 ዓ.ም. ነዳጅ እየተረጨ የሚገባበት ሞተር መብት ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የእርሳቸው ሞተር የሚቀጣጠለው ከውጭ በሚሞቅ አካል እንጂ እንደ ዲዝል ሞተር በአየር መታመቅ ብቻ አልነበረም። ክርክሩና የሥራው ብዛት የዲዝልን ጤና ሰበረው፤ በ1898 ዓ.ም. መጨረሻ በመንፈስ ድካም ታሞ ወደ ሕክምና ቤት ገባ።

ዲዝል ሞተሩን ሲያስብ በዓይኑ ፊት የነበረው ትልቁ ፋብሪካ አልነበረም። የእንፋሎት ሞተር ውድና ግዙፍ ስለ ሆነ ባለ ጸጋው ብቻ ይገዛዋል፤ በዚህም የተነሣ እንደ አባቱ ያለው የእጅ ባለ ሙያ በፋብሪካው ተሸንፎ ይደኸያል። ርካሽ ነዳጅ የሚበላ ሞተር ቢገኝ ግን አናጺውም፥ ሸማኔውም፥ ጠራዡም በየቤቱ ኃይል አግኝቶ ራሱን ችሎ ይኖራል ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ሠራተኞች በየጊዜው ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ የራሳቸውን ማኅበርና ፋብሪካ እንዲያቋቍሙ የሚመክር መጽሐፍ ጻፈ። 10,000 ቅጂ ታትሞ የተሸጠው 300 ያህል ብቻ ነበር። ሞተሩን የፈለገው ዓለም ምክሩን አልፈለገውም።

ሞተሩ ግን ቀስ በቀስ ጉድለቱ እየተስተካከለ ዓለምን ያዘ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪሱ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታየ፤ ይህም የሆነው የፈረንሳይ መንግሥት በአፍሪካ በሚበቅል ዘይት የሚሠራ ሞተር ስለ ፈለገ ነበር። ዲዝል ራሱ በ1912 ዓ.ም. የእህልና የፍሬ ዘይት አንድ ቀን እንደ ከርሰ ምድር ነዳጅ የተፈለገ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። በ1903 ዓ.ም. በሩሲያ የኖቤል ኩባንያ ቫንዳል የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ በዲዝል ሞተር አንቀሳቀሰ። ሮአል አሙንድሰን ወደ ደቡብ ዋልታ የሄደባት ፍራም የተባለችው መርከብም የዲዝል ሞተር ተተክሎላት ነበር። በ1912 ዓ.ም. በኮፐንሃግን የተሠራችው ሴላንድያ ውቅያኖስን ተሻግራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ በሄደች ጊዜ የእንፋሎት መርከብ ዘመን ማለፍ እንደ ጀመረ ታወቀ።

ሥራው በዚህ ዐይነት ሲሰፋ የሠሪው ቤት ግን ውስጥ ውስጡን ይፈርስ ነበር። ዲዝል በሙኒክ ትልቅ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ገንዘቡንም በመሬት ግዢና በነዳጅ ጕድጓድ ላይ አውሎ አብዛኛውን አጣ። በሙቀት ሒሳብ አንዲት እጅ እንኳ እንዳትባክን የተጠነቀቀው ሰው በገንዘብ ሒሳብ ከሰረ። በ1913 ዓ.ም. ዕዳው ከሀብቱ በልጦ ነበር፤ ይህንንም ከቤተ ሰቡ ሰውሮ ይኖር ነበር።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ዓ.ም. ዲዝል ወደ እንግሊዝ ለመሻገር ከአንትወርፕ ወደብ ድረስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ከጓደኞቹ ጋር እራት በልቶ፥ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፥ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት አዝዞ ወደ ክፍሉ ገባ። በነጋ ጊዜ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፥ አልጋውም ሳይተኛበት ተገኘ፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ ሰገነት ላይ ተገኙ። ከ10 ቀን በኋላ አንድ የሆላንድ ጀልባ በባሕር ላይ ሬሳ አገኘች፤ መርከበኞቹም በኪሱ ያገኙትን ዕቃ ወስደው አስከሬኑን እንደ ባሕሩ ልማድ ለባሕሩ መለሱት። ልጁ ኦይገን ዕቃዎቹን አይቶ የአባቱ መሆናቸውን መሰከረ። ስለ አሟሟቱ ብዙ ተብሏል፤ ጠላት ገደለው ያሉም አሉ። ነገር ግን ለባለቤቱ ገንዘብ ያለበት ቦርሳ ትቶላት መሄዱና የዕዳው ብዛት ራሱን ወደ ባሕር እንደ ጣለ የሚያመለክት ሆኖ ለብዙዎች ታይቷል። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር።

ከሞተ በኋላ ሌሎች መሐንዲሶች ሥራውን ቀጠሉበት። ከባዱ ኮምፕሬሶር ቀርቶ ነዳጁን በፖምፓ ብቻ መርጨት ተቻለ፤ በ1920ዎቹ ዓመታት ሞተሩ ቀሎ በጭነት መኪና ላይ ተተከለ። ዛሬ በትልልቅ መርከቦች ላይ ያለው የዲዝል ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ግማሽ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል። ጭሱ ለጤናና ለአየር የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ የዛሬው ትውልድ መሐንዲሶች የወረሱት ጥያቄ ነው። አባካኙን የእንፋሎት ሞተር ለማረም የተነሣው ሥራ በተራው ታራሚ ሆኗል፤ የዕውቀት ልማድም ይህ ነው።

ሞተሩ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ብዙ ሠርቷል። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ባለው የምድር ባቡር መሥመር የእንፋሎቱ ባቡር ለዲዝል ባቡር ቦታውን እየለቀቀ ሄደ። ከባዱ የጭነት መኪናም ከወደብ ወደ ደጋው የሚወጣውን ዳገት ያሸነፈው በዚሁ ሞተር ነው። ነገር ግን የዲዝልን የመጀመሪያ ምኞት ለመረዳት የሚሻ ሰው ከመርከቡና ከባቡሩ ይልቅ በገጠር ከተማ ያለውን የእህል ወፍጮ ቤት ቢመለከት ይሻላል። አንድ ባለ ወፍጮ በአንድ ሞተር ራሱን ችሎ ይኖራል፤ እህሏን ተሸክማ የመጣችው ሴትም በእጅ ወፍጮ ድንጋይ ላይ ጐንበስ ብላ ታሳልፈው የነበረውን ሰዓት ታተርፋለች። ለጠራዡ ልጅ የእጅ ባለ ሙያውን ማዳን ሕልም ሆኖበት ቀረ፤ ያ ሕልም ግን እርሱ ባላያቸው አገሮች በጥቂቱ ተፈጽሟል።

በዲዝል ሕይወት ውስጥ ብዙ አስተማሪዎች አሉበት። አንዱ ስደተኛውን ልጅ በቤታቸው አሳደጉት፤ አንዱ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ እሳት አሳዩት፤ አንዱ አንዲት ቍጥር ነገሩት። ሊንደ በዚያ ቀን ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ቃላቸውን ይዞ የሚሄደው የትኛው እንደ ሆነ አላወቁም ነበር። የሚያስተምር ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ለሁሉም እኩል፥ በእውነትና በጥንቃቄ መንገር ይገባዋል። ዕውቀት ባለቤቱን ከዕዳና ከኀዘን እንደማያድን የዲዝል መጨረሻ ያስረዳል፤ በትምህርት ክፍል በቅን የተነገረ ቃል ግን ከተናጋሪውም ከሰሚውም ዕድሜ አልፎ እንደሚሠራ ሥራው ይመሰክራል።